አባ አይበሏቸው

ስለ ራሴ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት የአባቶችን ቃል በማንበብ፣ በማስተማርና በመቀደስ ነው። በእኛ ወግ ደግሞ ቄስ ስለ ባለቤቱ በሰው ፊት አያወራም። ስለዚህ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ስለ እርሷ ለማንም አልተናገርሁም፤ ካረፈችም በኋላ እንዲሁ ዝም አልሁ። አሁን ብዕር ያስነሣኝ፣ አንድ ስም ከላዬ ላይ የሚወርድበት ቀን ስለ ተቆረጠ ነው። ስሙ የክርስትና ስሜ አይደለም። እርሷ ከሁሉ አስቀድማ የጠራችኝ፣ አገሩም ተከትሏት የጠራኝ የክህነት መጠሪያዬ ነው፤ መምሬ።

ከሩቅ ለሚመጣ ሰው፣ ነጭ የጠመጠመና መስቀል የያዘ ሁሉ «አባ» ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመን በየመንገዱ «አባ ይፍቱኝ» እያለ ያጎነብሳል። ፍቅሩን አልነቅፍም። በላስታ ገጠር ግን አነጋገሩ ሌላ ነው። ሚስቱን በቁርባን አግብቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በሥራ ቀን እያረሰ በበዓል የሚቀድሰው ቄስ ነው፤ ሲያወሩለት «ቄሱ»፣ ፊት ለፊት ሲጠሩት «መምሬ» ይሉታል። አባ የሚባለው ዓለምን ትቶ ቆብ የደፋው መነኩሴ ነው። ቅኔ ወይም ዜማ ያስተማረ «የኔታ» ነው፤ ተማሪው ሸብቶ የልጅ ልጅ ቢያይ እንኳ መምህሩን በሌላ ስም አይጠራም። ማሕሌቱን የሚመራው «መሪጌታ» ነው። «ደብተራ» የሚለው ቃል ግን፣ ምንም ጥንቱን የተከበረ ቢሆን፣ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰው መሪጌታ ብሎ ተሰናብቶ፣ ጥቂት ከራቀ በኋላ ነው ደብተራ የሚለው፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥር ይምስብኛል ብሎ እየፈራ።

በመምሬና በአባ መካከል ያለው ርቀት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በመካከላቸው አንዲት ሴት አለች። ቄስ ባለቤቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ በአገራችን ሚስቱን የቀበረ ቄስ ጥቂት ቆይቶ ይመነኩሳል፤ መምሬ የነበረው አባ ይባላል። እንግዲህ ሚስቱ ያለችውን ቄስ አባ ብሎ መጥራት፣ ሳያውቁ ሚስቱን መቅበር ነው።

ይህን ከማንም በላይ የማትታገሠው ባለቤቴ ነበረች። በገነተ ማርያም፣ እኔ በማገለግልበት ደብር፣ በየወሩ በሃያ አንድ ከማኅበርተኞቿ ጋር ዳቦ ይዛ ከበሩ አጠገብ ካለው ወይራ ጥላ ሥር ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስወጣ ከከተማ የመጡ ሴቶች ከበቡኝ። አንዳንዶቹ ጎንበስ፣ አንዳንዶቹ ተንበርከክ እያሉ «አባ ይፍቱን፣ አባ ይባርኩን» አሉ። ከጥላው ሥር ድምፅዋ መጣ።

«ኧረ አባ አይበሏቸው! እኔ አለሁ አይደለም ወይ?»

ሴቶቹ ደንግጠው ዞሩ። «ምን አጠፋን፣ እማማ?»

«ምንም አላጠፋችሁ። በቁሜ ቀበራችሁኝ እንጂ።»

ማኅበርተኞቿ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። አንዷ፣ «እንግዲያው ፍትሐትሽን አሁኑኑ ያድርሱልሽ፤ ዳቦው እንደሆነ ተጋግሯል» አለቻት።

«ያደርሱልኛል፣ ምን ቸገራቸው! ግን መጀመሪያ ልሙት።»

ከዚያ እንግዶቹን አስቀምጣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ መምሬ ማን እንደሆነ፣ አባ ማን እንደሆነ እያነጻጸረች አስረዳቻቸው። ሲሰናበቱ ከመካከላቸው ታናሺቱ ቀረብ ብላ፣ «መምሬ፣ ይፍቱኝ» ብላ መስቀል ተሳለመች። ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ተማሪው ንባብ እንደወጣለት መምህር። ከዚያ ወዲህ «አባ አይበሏቸው» ከእርሷ የማትለይ ቃል ሆነች። አስጎብኚዎቹ ሳይቀሩ እንግዶቻቸውን ከበሩ ሳያደርሱ፣ «መምሬ በሏቸው፤ ባለቤትዮዋ ከጥላው ሥር ናቸው» ይሉ ጀመር።

መምሬ የሚለውን ስም የተቀበልሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። ደላንታ፣ ከወገል ጤና ማዶ ካለ ጉባኤ ቅኔ ተምሬ ተመልሼ፣ በዲቁናዬ ሳለሁ በቁርባን ተጋባን። በዕድሜ ብዙ አንበላለጥም፤ አንተ ትለኝ ነበር። ቅስና ተቀብዬ ስመለስ ከአውድማው ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። ከሩቅ አየችኝ። ሰፌዱን አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ጠበቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ቆማ አታውቅም።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ መምሬ» አለችኝ።

ወዲያው ሳቅ አሸነፋትና ከገለባው ላይ ቁጭ አለች። «ማረኝ እመቤቴ! ባለፈው ሳምንት ‘አንተ፣ እንጨት ፍለጥ’ ስለው የነበረ ሰው!»

«እንጨቱን ዛሬም እፈልጣለሁ» አልኋት።

«እንግዲያው ይፍለጡ፣ መምሬ።»

ሳቁ ያን ዕለት አለፈ፤ «እርስዎ»ው ግን እስከ መጨረሻው አብሮን ኖረ። ልጆች የእናታቸውን አፍ ይከተላሉና፣ አንዲት ሴት ልጃችን አፏን በፈታች ጊዜ አባባ አላለችኝም፤ መምሬ አለችኝ። ዛሬም፣ ላሊበላ ከተማ የእጅ ሥራ ዕቃ የምትሸጥ ባለትዳር ሆና፣ የምትጠራኝ እንዲሁ ነው።

ባለቤቴ ሌሎቹንም ማዕረጎች ሳትማር ሁሉንም ታውቃቸው ነበር፤ እየመረጠችም ትሾመኝ ነበር። ጣራው አፍስሶ እኔ ስጠግነው ከበፊቱ የባሰ ሲያፈስ፣ «ሊቀ ጠበብት፣ ይውረዱ፤ ሰው እንጥራ» ትላለች። ስቆጣ፣ «ዝም በይ፣ ጳጳሱ ተቆጥተዋል» ትላለች ለልጃችን። ለጥያቄዋ ግልጽ መልስ ስነፍጋት ደግሞ፣ «ደብተራዬ፣ ጀመረህ እንግዲህ» ትለኛለች። በዚያች ቃል ላይ ብቻ ወደ «አንተ» እመለሳለሁ። በቅርብ ዘመን መላከ እገሌ፣ መላከ እገሌ የሚለው ሹመት በየደብሩ ሲበዛ ሰምታ፣ «መላኩስ በዛ፤ ቀዳሽ ጠፋ እንጂ» ያለችው በማኅበርተኞቿ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከሁሉ በላይ የማስታውሳት ግን ዝም ባለችበት ነገር ነው። የቅዳሴ ተራ የደረሰው ቄስ ሰሞነኛ ይባላል፤ በሰሞኑ ከባለቤቱ መኝታውን ለይቶ በንጽሕና ይሰነብታል። ሰሞኔ መድረሱን ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እርሷ ነበረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወፍራሙን የሱፍ ባና ከቆጡ ታወርዳለች፤ ደጅ አውጥታ ታራግፈዋለች፤ ከምሰሶው ወዲያ ባለው መደብ ላይ ዘርግታ፣ ጥጉን በመዳፏ ታስተካክለዋለች። አንድም ቃል አንነጋገርም። ሰሞኑ ሲያልቅ ራሷ አጥፋ ወደ ቆጡ ትመልሰዋለች። እንዲህ ያለውን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። ነገር ግን መምሬ የሚለው ስም በውስጡ ምን እንደያዘ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ለመለየት አንድ መሆን ያስፈልጋል። እኛ በየተራዬ ተለያይተን፣ በየተራዬ ተመልሰን ነው ያረጀነው።

ሕመሟ ረጅም አልነበረም። ላሊበላ ልጃችን ቤት ሆና ታከመች፤ አልተሻላትም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከእንቅልፏ ነቅታ በዓይኗ ፈለገችኝ።

«መምሬ፣ ሰሞንዎ ደርሷል አይደል?»

«ሌላ ካህን ተክተውልኛል። አታስቢ።»

«አይ፣ እሱንስ ይተኩ። ባናውን ማን ያወርድልዎታል? ቆጡ ላይ ሲወጡ ይወድቃሉ እኮ።»

«ደብተራሽ መውጣት ያውቅበታል» አልኋት። ከንፈሯ ሊስቅ ፈለገ።

ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያው ሰሞኔ ሲደርስ ቆጡ ላይ ወጥቼ ባናውን አወረድሁ። ደጅ አራገፍሁት። ከምሰሶው ወዲያ ካለው መደብ አጠገብ ይዤው ቆምሁ። ከማን ልለይ? አልጋው ባዶ ነው፤ መደቡም ባዶ ነው። ሥርዓት ሥርዓት ነውና ዘረጋሁት፤ ጥጉን ግን እንደ እርሷ ማስተካከል አቃተኝ።

በአርባዋ ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ከአጠገባችን የሚኖሩ፣ ደግ የሆኑ ባልቴት ጠላ ሲቀዱልኝ፣ በሐዘኔታ ድምፅ፣ «ይጠጡ እንጂ፣ አባ» አሉኝ።

የሰው ሁሉ እጅ ከእንጀራው ላይ ቆመ። ልጄ ከጓዳ በር፣ «መምሬ ናቸው!» አለች፤ ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

«ውይ አፌን!» አሉ ባልቴቷ፤ ጣሳውን ይዘው ቀሩ። «ይቅር በይኝ የእኔ ልጅ፤ አርባው ካለፈ ይባላል ብዬ እኮ ነው።»

ማንም አልተሳሳተም ነበር። ባልቴቷ የአገሩን ልማድ ተናገሩ፤ ልጄም የእናቷን። ጠላውን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አገሩ ስሜን ይሸሽ ጀመር።

የደብራችን ቄሰ ገበዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋይና አገልግሎት ኃላፊ፣ ከደላንታ ጀምሮ የማውቀው የትምህርት ጓደኛዬ ነው። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከዐለቱ ጥግ ሳበኝ።

«እስከ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«አወቅህብኝ እንዴ! ሰው እኮ ምን ብሎ እንደሚጠራህ ጨነቀው። መምሬ ሲልህ ሐዘንህን የቀሰቀሰ ይመስለዋል፤ አባ ሲልህ ትኮሳተርበታለህ። ትናንት አንዱ ምን አለኝ መሰለህ? ‘እኒያ ሰውዬ ይቀድሳሉ ወይ?’ አለኝ። አንተን የሚያህል የቅኔ ሊቅ፣ ‘ሰውዬ’!»

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

«ሳቅ፣ ሳቅ። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ቆብ ሳይደፋ ሲቀመጥ ወሬ ይወልዳል።»

«በንጽሕና ከኖረ ሥርዓቱ አይከለክለውም።»

«ይህን ለእኔ ነው የምታስተምረኝ? ሥርዓቱ አይከለክልም፤ አገር ነው የሚከለክል። ገበያ ወጥተህ ከአንዲት ሴት ጨው ብትገዛ፣ ጨው ገዛ ይሉሃል መሰለህ?»

«ጨው የምትልክልኝ ልጄ ናት።»

«ይኸው! ጨው መግዛት እንኳ ፈርተሃል» አለና ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ።

እውነቱን ነበር። ምንኩስናንም ጠልቼ አይደለም። አንድ ሰው ሲመነኩስ እንደ ሙት ተጋድሞ የግንዘት ጸሎት ይደረስለታል፤ ለዓለም ሞቷልና። ይህን ጸሎት ለብዙዎች አድርሻለሁ፤ ለራሴም ቢደርስልኝ ፍርሃት የለኝም። የከበደኝ ከእኔ ጋር የሚገነዘው ስም ነው። ባለቤቴ ያስቀረችው ጽሑፍ የለም፤ ሥዕሏም ከልጃችን ስልክ ውስጥ ካሉት ጥቂቶች በቀር የለም። ድምፅዋ የቀረው በሰው አፍ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ገበሬ፣ «እንደምን አደሩ፣ መምሬ» ባለኝ ጊዜ ሁሉ፣ እርሱ ሳያውቀው፣ ቤትዎ ሰው አለ ብሎኝ ያልፍ ነበር። አባ ያለኝ ዕለት ግን ቤቱ ይዘጋል።

የገና በዓል ሲመጣ እንደ ወትሮው ላሊበላ ወጣሁ። ነጭ ለብሶ የመጣው ምእመን ከዐለት እስከ ዐለት ሞልቶ፣ «አባ ይፍቱኝ፣ አባ ይፍቱኝ» ይላል። ካህን ነኝና መስቀሌን ዘረጋሁ። ነገር ግን አባ በተባልሁ ቁጥር፣ መስቀሉ ከሰዎቹ ግንባር ሳይደርስ እጄ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ የሚያርማቸውን ድምፅ እየጠበቅሁ ነበር። አንዲት እናት ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው፣ «አባቴ፣ አመመዎት?» አሉኝ።

ከገና በኋላ ለቄሰ ገበዙ፣ «ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ገዳም ሄጄ አባቶችን አነጋግራለሁ» አልሁት። አልቀለደብኝም። እጄን ይዞ ብዙ ቆየ።

ልጄ አብሬዎት ካልሄድሁ አለች። ከላሊበላ በባጃጅ ሄደን የቀረውን በእግር ወረድን። ገደሉን ስንወርድ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ እንዳልወድቅ ይሁን እንዳልሄድ አልለየሁም።

«ከመነኮሱ በኋላ ቤት ይመጣሉ?»

«ለጥየቃ እመጣለሁ። ማደሩ ግን ከገዳም ነው።»

«እኔስ ምን ብዬ ነው የምጠራዎ?»

«ሰው እንደሚጠራኝ።»

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ?» አለች።

ከዋሻው አጥር በር ላይ ጸበል ይዘው የሚወጡ ወጣቶች አገኘን። አንዲት ልጃገረድ ጠርሙሷን ለጓደኛዋ አቀብላ፣ ጫማዋን አውልቃ ቀረበችኝ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

ከጎኔ፣ ልጄ ሳታስበው፣ በእናቷ ድምፅ፣ በእናቷ ቍጣ፣ በእናቷ ፈገግታ ተናገረች።

«ኧረ አባ አይበሏቸው! እናቴ…»

እዚያ ላይ ቆመች። የቀረውን ቃል ሁለታችንም እናውቀው ነበር፤ በገነተ ማርያም በር ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። ከእንግዲህ ግን የሚጨርሰው የለም። ልጃገረዷ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ልጄን አየች። ልጄ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ስሙን የያዝሁት ለባለቤቴ ብዬ ነበር፤ ልጄን ግን እናቷ እንዳልሞተች ሁሉ በር ላይ እንድትጠብቃት አድርጌ አቁሜያት ኖሯል። እናቷን ገና አልቀበረችም፤ መቅበሩ መጀመር የነበረበትም ከእኔ ነው።

«ተዪ፣ ልጄ» አልኋት። ወደ ልጃገረዷ ዞሬ መስቀሌን ዘረጋሁ። እጄ አልቆመም። «አባ ነኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

በዋሻው ውስጥ ውሃው ከጣራው ዐለት ወደ ድንጋዩ ገንዳ ይንጠባጠባል። የገዳሙ አባት የመጣሁበትን ከሰሙ በኋላ ስለ ትምህርቴም ስለ ዕድሜዬም አልጠየቁኝም። «ልጅህ ፈቅዳለች?» አሉኝ ብቻ። መልስ ሳልሰጥ እርሷ ራሷ፣ «አዎ፣ አባ» አለቻቸው። ከትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ።

ይህን የምጽፈው በዐቢይ ጾም ነው። ቤቱን ለልጄ እያስረከብሁ ነው። ባለፈው መጥታ ዕቃውን ስትለይ ባናውን ከቆጡ አወረደችው።

«ይህን እኔ ልውሰደው? ከባድ ነው፤ ለገዳም አይሆንም።»

«አይደለም፤ እሱ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አልኋት።

ደጅ ወስዳ አራግፋ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ጥጉን በመዳፏ እያስተካከለች አጠፈችው። መነኩሴ ከዓለም ዕቃ ባይዝ ይሻላል፤ ይህን ግን የሚነቅፍብኝ አባት ያለ አይመስለኝም። ከእንግዲህ ያለው ዘመኔ በሙሉ ሰሞን ነው፤ መኝታዬን ለይታ የምታነጥፍልኝም ያችው ባለቤቴ ናት።

ቀኑ እስኪደርስ ግን መምሬ ነኝ። ልጄ ይህን ታውቃለች። ከሰሞኑ ስልኬ ያለ ጊዜው ይጠራል፤ ዳዊቴን አስቀምጬ አነሣዋለሁ።

«መምሬ?»

«ወዬ፣ ልጄ።»

«ምንም አይደለም። እንዲሁ ነው።»

ደንበኛ ሲያነጋግራት ይሰማኛል፤ ትዘጋዋለች። ሳይመሽ ደግማ ትደውላለች።